ብርሃን የማይወደው ጠርሙስ

አንደኛ ተናጋሪ፦ እህቴ ሆይ፣ በለንደን የሚኖር አንድ ወዳጄ፣ ሲጋራን እርግፍ አድርጎ ለመተው ሲል የገዛውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ላይ ረስቶት፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ የነበረው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሻይ መልክ ይዞ፣ መዓዛውም ጠፍቶ ጠበቀው።

ሁለተኛ ተናጋሪ፦ ምክንያቱ፣ ወንድሜ፣ ከራሱ ከኒኮቲን ጠባይ የሚመነጭ ነው፤ በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ መልኩ ይጠቁራልና፣ ብርሃንና ሙቀትም ይህንኑ ያፋጥኑታልና። ስለዚህ ክዳኑን አጥብቆ፣ ከምድጃና ከመስኮት አርቆ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ በሆነ ስፍራ ማኖር ይገባል። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ኒኮቲን ያለበትን ጠርሙስ በ10 ሚሊ ሊትር መወሰኑ፣ ሳይበላሽ ለመጨረስም ይረዳል።

አንደኛ ተናጋሪ፦ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥስ?

ሁለተኛ ተናጋሪ፦ ቅዝቃዜው በፈሳሹ ውስጥ ያለውን ግሊሰሪን ቢያወፍረው እንጂ አያበላሸውም፤ ዳሩ ግን እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት መርዝ ከወተትና ከጭማቂ ጎን ሲቆም፣ ክፉና ደጉን ያልለየ ሕፃን ምን ያህል ፈተና እንደሚቀርብለት ሳስበው ልቤ ይርዳል። ኒኮቲን ሲጠጣ፣ በቆዳም ሲሰርግ፣ ጥቂቱ እንኳ ሕፃንን ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

አንደኛ ተናጋሪ፦ በአገራችንማ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽያጭ የተከለከለ ነው።

ሁለተኛ ተናጋሪ፦ በባሕር ማዶ የምትኖሩ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ጠርሙሱ በቤታችሁ ካለ፣ የሕፃን እጅ በማይደርስበት ሣጥን ዛሬውኑ ቈልፉበት።