ዝገት በቀለም አይሸፈንም

በየመማሪያ ጣቢያው የተሰባሰባችሁ አድማጮቻችን! ደብተርና እርሳሳችሁን አዘጋጃችሁ? የዛሬው ትምህርታችን የብረት በር ቀለም ከመቀባቱ በፊት ስለሚደረግለት ጽዳት ነው።

ለዘመን መለወጫ የተቀባ በር ለፋሲካ ሲላጥ አይታችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ «ቀለሙ መጥፎ ነው» ብለን ባለሱቁን እናማለን። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእኛው ነው፤ ዝገቱን ሳናነሣ ከላዩ ቀብተንበታል። ብረት ውሃና አየር ሲያገኝ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ከሥር እያበጠ ቀለሙን ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ብረቱም እንደገና ይበላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቅደም ተከተሉን ጻፉ።

1ኛ፦ በሩን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ አለቅልቁት። ቅባቱ ሳይለቅ ከፈገፈጋችሁ ቅባቱን ለብረቱ ሁሉ ታዳርሱታላችሁ።

2ኛ፦ የተላጠውን ቀለምና ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንሡ፤ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ጠርዙንና የተበየደበትን ቦታ አትርሱ።

እዚህ ላይ አደራ! የቆየ ቀለም እርሳስ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። በእጃችሁ የያዛችሁት መጻፊያ አይደለም፤ ስማቸው ነው አንድ የሆነው። ብናኙ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ አትፋቁ፤ ውሃ አርከፍክፉበት። ልጆችን አርቁ። ፍቅፋቂውን ከመሬት ሰብስቡ። እጃችሁን ሳትታጠቡ እህል አትንኩ።

3ኛ፦ በሩን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። በላምባ መጥረግ የለመዳችሁ ተዉት፤ ቅባት ትቶ ስለሚሄድ ቀለሙ አይይዝም።

4ኛ፦ እንደ ደረቀ በዚያው ቀን ፀረ ዝገቱን ቀለም፣ አንቲረስት የምንለውን፣ ቀቡት። እንዲሁ ካሳደራችሁት ጤዛው መልሶ ያዝገዋል። የመልኩ ቀለም የሚከተለው ይኸኛው ሲደርቅ ነው።

በስንት ሰዓት እንደሚደርቅና በምን እንደሚቀጥን ጣሳው ላይ ተጽፏል። ሌላ ሰው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ አንብቡት። ጽሑፉ በማታውቁት ቋንቋ ከሆነ የሚያውቀውን ጠይቁና በደብተራችሁ አስፍሩት።

አሁን ሦስት ቃላት ጻፉ፦ ዝገት፣ ብሩሽ፣ ጤዛ። በየቃሉ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ለጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው። እስከሚቀጥለው ትምህርታችን በደኅና ቆዩን።