ከሰማይ የሚወርድ ድምፅና በኪስ የሚያዝ ሙዚቃ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የሳተላይት ሬዲዮና በኪስ የሚያዙ የዲጂታል ሙዚቃ ማጫወቻዎች ያደረጉት ፉክክር ነው። ነገሩ ያለፈ ታሪክ ቢመስልም ለእኛ ለሬዲዮ ሰዎች የሚያነሣው ጥያቄ ገና አልተዘጋም።

ሁለቱ ተፎካካሪዎች በአሜሪካ አገር ብቅ ያሉት በአንድ ወር ልዩነት ነው። ኤክስኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2001 የሳተላይት ሥርጭቱን ጀመረ፤ አፕል ደግሞ በኦክቶበር 1000 ዘፈን የሚይዘውን አይፖድን በ399 ዶላር አቀረበ። ሲሪየስም በ2002 ኤክስኤምን ተከተለ። አንደኛው ወገን ለአድማጩ እኔ ልምረጥልህ ሲለው ሌላው አንተው ምረጥ አለው። አይፖድ የገዛ ሰው ዘፈኑ የራሱ ነው። የሳተላይት አድማጭ ግን የወር ክፍያውን ባቆመ ዕለት በእጁ የሚቀር ነገር የለውም። ኤክስኤም ይህን ተረድቶ በ2006 ዘፈን የሚቀዳ የእጅ መቀበያ ቢያወጣ፣ የሙዚቃ ቀረጻ ኩባንያዎች በዚያው ዓመት ከሰሱት።

ሁለቱ የሳተላይት ኩባንያዎች በ2007 ልንዋሐድ ነው ባሉ ጊዜ፣ ገበያውን ብቻችሁን ልትይዙት ነው የሚል ተቃውሞ ተነሣባቸው። እነርሱም እውነተኛ ተፎካካሪዎቻችን መደበኛው ሬዲዮ፣ አይፖድና ኢንተርኔት ናቸው ብለው ተከራከሩ፤ በ2008 ተፈቀደላቸው። ባላጋራ የነበረው የኪስ ማጫወቻ ጠበቃ ሆኖ ቆመላቸው ማለት ነው፤ ይህን ባሰብሁ ቍጥር ሣቄ ይመጣል።

በአህጉራችን የሆነው ግን አያሥቅም። ኢትዮጵያ የተወለደው ኖኅ ሳማራ በ1990 ያቋቋመው ወርልድስፔስ፣ አፍሪስታር የተባለችውን ሳተላይት በ1998 አመጠቀ። የአጭር ሞገድ ሽሽታ ለሰለቸው አድማጭ ጥርት ያለ ድምፅ ለማድረስ የታሰበ ትልቅ ውጥን ነበር። ይሁን እንጂ መቀበያው ለብዙው ቤተሰብ ዋጋው አልተቀመሰም። አንቴናውም ሳተላይቷን በቀጥታ ካላየ አይሰማምና ሬዲዮው መስኮት ሥር መቀመጥ ነበረበት። አድማጩ እየተንቀሳቀሰ በሚያዳምጥበት ዘመን ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ኩባንያው በ2008 የኪሣራ ሕግ ከለላ ጠየቀ።

አሜሪካኖቹ ኩባንያዎች ግን በከተሞች ማቀባበያ ጣቢያዎችን ተክለው፣ መቀበያውም ከፋብሪካ ሲወጣ በመኪናው ላይ እንዲገጠም ከአምራቾቹ ጋር ተዋውለው ነበር። ከሁሉም ይልቅ ለሰው ድምፅ ገንዘብ አወጡ። ሲሪየስ ሃዋርድ ስተርን የተባለውን አወዛጋቢ አቅራቢ በ2006 ወደ ራሱ ያመጣው በአምስት ዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ ውል ነው። የሰውየውን ጠባይ መውደድ አያስፈልግም፤ ዘፈን ማታ ተሞልቶ ያድራል፣ ነገ ጠዋት የሚነገረው ግን ማታ አይሞላም።

የአይፖድ ምርት በ2022 አበቃ። የተካው ግን ሬዲዮ ሳይሆን ስልክ ነው፤ ዛሬም የሳተላይቱን ሬዲዮ አድማጭ የሚሻማው፣ የእኛንም ጭምር፣ ይኸው ስልክ ነው።

ወደ ውይይቱ ስንገባ አንድ ነገር ከየጣቢያችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፦ ከአንድ ሰዓት ዝግጅታችሁ ውስጥ አድማጩ ከስልኩ የማያገኘው ስንት ደቂቃ ነው?