ዱላው ከወረቀቱ ላይ ጠፋ
(በዓርቡ ስብሰባችን ላይ ያደረግሁት ንግግር)

እህቶቼ፣ የእኔ ትምህርት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ ፖለቲካ ላስተምር አልተነሳሁም። ያሳሰበኝን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የምሠራበት ቤት ሾፌር ፓኪስታናዊ ነው። በፈረንጅ 2024 የካቲት ላይ አገሩ ምርጫ ነበር። የዚያን ዕለት ቤቱ ቢደውል ቢደውል አልገባለትም፤ መንግሥት ሞባይል ዘግቶ ነበር። ማታ ሻይ ስሰጠው፣ «እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ዱላውን ነበር የምትመርጠው፤ ዱላው ግን ወረቀቱ ላይ የለም» አለኝ።

የእኔም እናት ማንበብ አትችልም። እሷም የምትመርጠው በምልክት ነው። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ።

ዱላው የክሪኬት መምቻ ነው፤ የኢምራን ካን ፓርቲ ምልክት። ሰውዬው በ1992 አገሩን ለክሪኬት የዓለም ዋንጫ ያበቃ አምበል ነው። በኋላ ሌቦችን አጥፍቼ አዲስ ፓኪስታን አመጣለሁ ብሎ ሕዝቡን አስከተለ፤ በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ተቃዋሚዎቹ ያመጣው ጦሩ ነው አሉ። እሱም ያኔ ከጦሩ ጋር አንድ ነን ይል ነበር። በእሱ ዘመን ተቃዋሚዎች ሲታሰሩ ደጋፊዎቹ ደስ አላቸው። ቆይቶ ከጄኔራሎቹ ጋር ተጣላ። በ2022 ፓርላማው አወረደው፤ በ2023 ታሰረ። ፓርቲውም የውስጥ ምርጫውን በደንቡ አላደረገም ተብሎ ምልክቱን በፍርድ ቤት አጣ። እጩዎቹ በግል ቀርበው ከየትኛውም ፓርቲ የበለጠ ወንበር አገኙ፤ መንግሥት የመሠረቱት ግን ሌሎቹ ተጣምረው ነው።

በዚያ አገር አንድም ጠቅላይ ሚኒስትር አምስት ዓመቱን ጨርሶ አያውቅም። በ1958፣ በ1977 እና በ1999 ደግሞ ጄኔራሎች በግልጽ ሥልጣን ይዘዋል። እኛም ብንሆን በራሳችን አቆጣጠር በ1967 «ጊዜያዊ» ብሎ የመጣው ወታደራዊ መንግሥት 17 ዓመት ተቀምጦብናል።

ሾፌሩ፣ «በጀይሽ ትከሻ የወጣ በጀይሽ እጅ ይወርዳል» ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የማንወደው ሰው ያለ አግባብ ሲታሰር እልል ካልን፣ ነገ በእኛም ሲደርስ የሚጮህልን አናገኝም።

በሚመጣው ወር ገንዘብ ያዥ እንመርጣለን። አፏ ስለጣፈጠ ብቻ አንምረጣት፤ ሒሳቡን በየወሩ እንድታሳየን እንጠይቃት። ከመረጥናት በኋላ ደግሞ ብዙ ያዋጣችም ሆነች ጮክ ብላ የምትናገር ብቻዋን አታውርዳት። የምናወርዳትም እኛው፣ በድምፃችን ይሁን።