ስለ ኮምፒውተር ማሻሻያ የተደረገ ንግግር



ዐርብ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ ከጧቱ በ1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ፣ ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ ኮምፒውተሮችን ከሰርጎ ገቦች ለመጠበቅ ያዘጋጀውን ማሻሻያ ወደ ዓለም ሁሉ ላከ። ፕሮግራሙ 20 ግቤት ብቻ ሲያቀርብ አዲሱ ፋይል 21ኛውን ስለ ጠየቀ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ መሣሪያዎች ወደቁ፤ አውሮፕላኖች ቀሩ፣ ሐኪም ቤቶችም ተቸገሩ።

ኩባንያው በ2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ስሕተቱን ቢያነሣም፣ ከወደቁት ብዙዎቹ በሰው እጅ አንድ በአንድ መጠገን ነበረባቸው። እስከዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩን ሳይከፍት የቆየ የናይሮቢ ጸሓፊ ቢኖር ግን ከአደጋው ድኗል፤ ማርፈድ የጠቀመው በዚያ ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ያን ጊዜ ደንበኞች እንዲህ ያለውን ማሻሻያ ለማዘግየት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ከዚያ ወዲህ ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ማሻሻያውን ሳይከለክሉ፣ አስቀድሞ በጥቂት መሣሪያዎች ላይ እንዲያስሞክሩት በትሕትና አሳስባለሁ።