በሲኒማ ቤት በር ላይ ስለሚጻፈው ቁጥር
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ ስለ ሲኒማ ነው። ይኸውም መንግሥት «ይህን ፊልም ዕድሜው ከዚህ በታች የሆነ ልጅ አይየው» የሚል ደንብ ማውጣት ይገባዋል ወይስ አይገባውም፤ ቢያወጣስ በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ፣ በያዮና በሁሩሙ ማን ያስፈጽመዋል የሚለው ነው። ጉዳዩን ለዚህ ስብሰባ ያመጣንበት የራሳችን የቤት ምክንያት አለን፤ ወደ እርሱ ኋላ እንመጣለን።

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው ሳንሱር ነው። ሳንሱር መቀስ ይዞ ከፊልሙ ላይ ይቆርጣል፤ ወይም ፊልሙን ጨርሶ ይከለክላል፤ የሚከለክለውም ልጁንም አያቱንም እኩል አድርጎ ነው። ሁለተኛው በዕድሜ መመደብ ነው። መዳቢው ፊልሙን አይነካም፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው ዕድሜ ብቻ ይጠይቃል። በአገራችን የመጀመሪያውን እናውቀዋለን። ገና ከጥንቱ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ስም አወጣለት። ይህ እንግዲህ የመንግሥት ሳይሆን የሕዝብ ምደባ ነበር፤ ለሁሉም የተከለከለ ማለት ነው! ከዚያም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በደርግም ዘመን ፊልም በሳንሱር እጅ ሳያልፍ ለሕዝብ አይታይም ነበር። ሁለተኛውን ግን፣ ማለት በዕድሜ መመደብን፣ በየከተማችን በር ላይ እስካሁን አላየነውም።

ሕጉ ምን ይላል ብትሉ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። በዚያው አንቀጽ ወረድ ብሎ ደግሞ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ሕግ ሊወጣ እንደሚችል ይናገራል፤ ነገር ግን ገደቡ በተገለጠው ሐሳብ ይዘት ወይም ሐሳቡ በሚያስከትለው ውጤት ላይ ሊመሠረት እንደማይገባ አጥብቆ ያስጠነቅቃል። እኛ ይህን ደጋግመን አንብበነዋል። ሕገ መንግሥቱ መቀሱን ከልክሎ በረኛውን የፈቀደ ይመስለናል። ከዚህ ሌላ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አስነዋሪ ሥዕልና ትርኢት ማሳየትን ይቀጣል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ም የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ልጆችን እንዲጠብቁ ግዴታ አለበት። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የፊልም ፖሊሲ አጽድቋል። ስለዚህ ወረቀት አላጣንም። ያጣነው በሩ ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር ነው።

ሌሎች አገሮች እንዴት አደረጉት? ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1911 በዓለም የመጀመሪያውን የመንግሥት የፊልም መርማሪ መሥሪያ ቤት አቋቋመች። ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ለአዋቂዎች የሚደረገውን ሳንሱር ጨርሳ ሰርዛ የልጆቹን ምደባ ብቻ አስቀረች፤ ከፍተኛው ወሰንም 15 ዓመት ነው። እንግሊዞች በ1912 የጀመሩትን ቦርድ በ1984 ስሙን ከ«ሳንሱር» ወደ «ምደባ» ለወጡት። በአሜሪካ የሚመድበው መንግሥት ሳይሆን የፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር ሲሆን፣ አሠራሩ የተጀመረው በ1968 ነው። ኩባንያዎቹ ይህን ያደረጉት ለልጅ አዝነው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ መንግሥት ገብቶ እንዳይመድብባቸው ቀድመው ነው።

ይሁን እንጂ መዳቢ ሁሉ አዋቂ አይደለም። «ኢ.ቲ.» የተባለውን፣ ከሰማይ የወረደ እንግዳና አንድ ልጅ ስለ መሠረቱት ወዳጅነት የሚተርከውን ፊልም፣ የስዊድን መዳቢዎች ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከለከሉት። ፊልሙ የተሠራው ለልጆች መሆኑን ዓለም ሁሉ ያውቃል። በጎረቤታችን በኬንያም የፊልም ምደባ ቦርድ የሚባለው መሥሪያ ቤት በ2018 በሁለት ወጣት ሴቶች ፍቅር ላይ የተሠራውን «ራፊኪ» የተባለ ፊልም መመደብ ሲገባው ፈጽሞ ከለከለ፤ በመስከረም ወር የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለ7 ቀን ብቻ ለአዋቂዎች እንዲታይ ፈቀደ። ስለ ፊልሙ አርእስት እያንዳንዳችን የየራሳችን አስተያየት ይኖረን ይሆናል። የምንለው ስለ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ስሙ በረኛ ሆኖ በኪሱ መቀስ የያዘ ነበር። ደንብ ይውጣልን ስንል ይህንም ልናስብ ይገባናል።

ከሩቅ አገር ወደ ቅርብ እንመለስና፣ እዚሁ መቱ ያለውን ካርል ሆስፒታል የማያውቅ በመካከላችን የለም። ስሙ የተወሰደው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ከመሠረተው ከካርልሃይንዝ በም ነው። ከእኛ መካከል እዚያ ሆስፒታል የተወለደ አለ። ነገር ግን ሰውየው ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት ሥራው ምን እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? የሲኒማ ተዋናይ ነበር። ከ1955 እስከ 1957 «ሲሲ» በተባሉት ሦስት ፊልሞች የኦስትሪያን ወጣት ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሲጫወት በጀርመንና በኦስትሪያ አያትና የልጅ ልጅ አብረው ገብተው አዩት። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ እንግሊዝ አገር ማይክል ፓወል ባዘጋጀው «ፒፒንግ ቶም» ውስጥ ሴቶችን እየገደለ በካሜራ የሚቀርጽ ሰው ሆኖ ተጫወተ። የእንግሊዝ ቦርድ ይህን ፊልም «ኤክስ» ብሎ መደበው፤ ማለትም በጊዜው ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆነ አይገባም። የጋዜጣ ሐያስያን ጮኹበት፤ አዘጋጁም በገዛ አገሩ ሥራ እስኪያጣ ድረስ ስሙ ጠፋ። ዛሬ ግን ያ ፊልም ከታላላቆቹ የእንግሊዝ ፊልሞች መካከል ይቆጠራል።

እንግዲህ አንድ ፊት ነው፤ አንዱን ፊልም የ7 ዓመት ልጅ ሊያየው ይችላል፤ ሌላውን ቢያይ ሌሊቱን ሲባንን ያድራል። ሁለተኛው ፊልም ጨርሶ ቢከለከል ኖሮ ለማንም ባልተረፈ ነበር። በረኛው ባይኖር ደግሞ ልጁ ይገባ ነበር። ስለ ምደባ የምንከራከረውን ሁሉ ይህ የሆስፒታላችን ስም ባለቤት በሁለት ፊልም ያስረዳናል።

አሁን ወደ ቪዲዮ ቤቶቻችን እንግባ። በኢሉባቦር ከተሞች ያደግን ሁሉ ቪዲዮ ቤትን እናውቀዋለን። ጭቃ ግድግዳ፣ በመስኮቱ ላይ የተቸነከረ ጥቁር መጋረጃ፣ ከኋላ ወደ ፊት ዝቅ እያለ የተደረደረ አግዳሚ፣ መብራት ሲጠፋ ከጓሮ የሚያጓራ ጄኔሬተር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅ አይሰማም፤ እኛም ንግግሩን ትተን ጡጫውን እናይ ነበር። ቀን የህንድና የጡጫ ፊልም፣ ማታ የእንግሊዝ ኳስ። በረኛው ብሩን ይቀበላል እንጂ ዕድሜ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ትንንሾቹን በግማሽ ዋጋ ያስገባ ነበርና ደንቡ ተገልብጦ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ልናስታውሳችሁ። የህንድ ፊልም ሊጀመር ሲል ለጥቂት ሰኮንድ አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት በመስኮቱ ላይ ይታይ ነበር። እኛም «ቶሎ ይለፍ!» እያልን እንጮህ ነበር። ያ ወረቀት የህንድ መንግሥት የፊልም ቦርድ የምደባ ምስክር ወረቀት ነው። በ1952 በወጣው ሕጋቸው መሠረት «ዩ» ያለበት ለሁሉም፣ «ኤ» ያለበት ለአዋቂ ብቻ ነው፤ በ1983 በሁለቱ መካከል ወላጅ አጠገቡ ሆኖ የሚያየው ተጨመረ፤ በ2023 ደግሞ ይህ መካከለኛው በ7፣ በ13 እና በ16 ዓመት ተከፋፈለ። እንግዲህ ስንት ዓመት ሙሉ ደንቡ ዓይናችን ሥር ሲያልፍ ኖሯል፤ የሚያነብልን ግን አልነበረም።

ስለ ቪዲዮ ቤት ሲነሣ ባለሥልጣኖችም ወላጆችም የሚደነግጡት ስለ ርቃን ሥዕል ነው። በየከተማው ፖሊስ ቪዲዮ ቤት ሲዘጋ የሚሰጠው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። መደንገጣቸው ትክክል ነው፤ ሕጉም ይደግፋቸዋል። ነገር ግን ቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሁለት ሰዎች ሊሳሳሙ ሲሉ ሮጦ በመዳፉ መስኮቱን እየሸፈነ፣ አንገት ሲቆረጥ ግን እጁን አጣጥፎ ሲያይ አይተናል። በአግዳሚው ላይ የ8 ዓመት ልጅ ተቀምጦ ነበር። ደንብ የሚያወጣ ሰው ከዚህ ቢጀምር እንወዳለን፤ ደምን ከመሳም ያነሰ አድርጎ የሚቆጥር መለኪያ ልጅን አይጠብቅም።

«ይህ ሁሉ አልፏል፤ ዛሬ ልጁ በእጁ ስልክ አለው» የሚል ተቃውሞ ከመካከላችን ተነሥቷል። እውነት ነው፤ ቪዲዮ ቤቶቹ ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ ዛሬ ፊልም የሚሸጠው ከዘፈን ጋር በሜሞሪ ላይ እየተጫነ ነው። ደግሞም ቀድሞ ልጁን የቋንቋው አጥር በመጠኑ ይጠብቀው ነበር፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ሲቀርብ ግን ያ አጥር ፈርሷል፤ የ6 ዓመት ልጅ የባልና ሚስትን ሽኩቻ ቃል በቃል ይሰማል። ሆኖም ይህ ተቃውሞ ለምደባ እንጂ በምደባ ላይ የሚቆም አይመስለንም። ስልኩን የሚገዛው አባት፣ ሜሞሪውን የሚጭነው ሱቅ ከፊልሙ ላይ አንድ ቁጥር ቢያዩ ቢያንስ ምን እንደሚሰጡ ያውቃሉ። ዛሬ የሚያዩት የፊልሙን ስም ብቻ ነው፤ ስሙም ብዙ ጊዜ ተሳስቶ የተጻፈ ነው።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ ዕድሜን ማን ያውቃል? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው የተጀመረው ግን በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ዕድሜው «ቡና በጣም ያፈራ ዓመት» ተብሎ የሚታወቅ ነው። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው በ18 ዓመት ነው። ስለዚህ በመቱ በር ላይ የሚቆም ሰው 18ን በመታወቂያ ማረጋገጥ ይችላል፤ 13ን ግን በቁመት ከመገመት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። አጭሩ ተማሪ ይመለሳል፤ ረጅሙ ሕፃን ይገባል። ከአውሮፓ አምስት ደረጃ ያለው ደንብ ገልብጠን ብናመጣ በወረቀት ያምራል፤ በበሩ ላይ ግን የጠብ ምክንያት ነው። እኛ የምናስበው ሦስት ብቻ ነው፤ ለሁሉም፣ ከወላጅ ወይም ከታላቅ ጋር፣ ከ18 ዓመት በላይ። መካከለኛው ወረቀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው።

የሚመድበውስ ማን ይሁን? በዚህ ላይ እርስ በርሳችን አልተስማማንም። ግማሾቻችን የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይበቃል እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ ቢሮ ብቻውን ከተተወ ነገ ልጅን ትቶ ሐሳብን መመደብ ይጀምራል፤ ስለዚህ አስተማሪ፣ እናት፣ የጤና ባለሙያና ፊልም የሚያውቅ ሰው አብረው ይቀመጡ እንላለን። የተስማማንበት አንድ ነገር ቢኖር ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲለጠፍ ነው። «ከ18 በላይ» ብቻ አይበቃም፤ «ግድያ በቅርብ ይታያል» ወይም «ሰው ሲደፈር ያሳያል» ይበል፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ይጻፍ፤ ቁጥሩም ባላገሩ ገበያ ላይ በሚያውቀው ቁጥር ይሁን። ምክንያቱን መጻፍ የሚያፍር መዳቢ የሐሳብ ሳንሱር እየሠራ ነው ብለን እንጠረጥራለን።

አሁን የቤታችን ጉዳይ። ማኅበራችን ቅዳሜ ማታ በአዳራሹ ፊልም ያሳያል። የሠራተኞቻችን ልጆች፣ ከአጥር ውጭ የሚኖሩት የሰፈር ልጆች፣ ቆሎና ሙዝ የሚሸጡትም ሳይቀሩ ገብተው ከፊት መሬት ላይ ይቀመጣሉ። እኛም ደስ ይለናል፤ ለብዙዎቻቸው ሌላ ሲኒማ የለም። ባለፈው ወር ግን የጦርነት ፊልም ስናሳይ ከፊት ከተቀመጡት አንዲት ልጅ እያለቀሰች ወጣች፤ የወንድሟን እጅ ይዛ ነበርና እርሱም አብሮ ወጣ። አዳራሹ ሞልቶ ስለ ነበር ያያት ጥቂት ሰው ነው። አንዳንዶች ከዚህ ወዲያ ልጆቹን በሩ ላይ እንመልስ አሉ። ሌሎች ደግሞ እንዲህ ከሆነ ለልጆች የሚሆን ፊልም ቀን እናሳይ፣ ማታውን ለይተን እናስቀር አሉ። ፊልሙን የሚመርጠው ኮሚቴም ከዚህ በፊት ፊልሙን አስቀድሞ ሳያይ ያቀርብ እንደ ነበር ይታወቃል።

መንግሥት ደንቡን እስኪያወጣ መጠበቅ የለብንም። ኮሚቴው እያንዳንዱን ፊልም ሐሙስ ማታ አስቀድሞ ይይ፤ ከመምህራን አንድ ሰው አብሮ ይቀመጥ፤ ከሦስቱ ምድቦች አንዱ ከነምክንያቱ ዓርብ ጧት ይለጠፍ፤ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት የልጆች ፊልም በነጻ ይታይ፤ ማታ በር ላይ የሚቆሙት ሁለት ሰዎች በየሳምንቱ በዕጣ ይውጡ። ምደባው ያልተስማማው ተማሪ እስከ ዓርብ ማታ በጽሑፍ ይግባኝ ይበል፤ መልሱም በጽሑፍ ይሰጠው። ረቂቁ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ከሥሩ ሰፊ ባዶ ቦታ ትተናል፤ እርሳስም በገመድ አስረናል። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው።