በደብተር ላይ ስለሚደረግ የእግር ኳስ ውድድር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



የመረጥነው ርእስ ለአንዳንድ ወላጆቻችን እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለ እርሻ ወይም ስለ ጤና አጠባበቅ በተናገሩ ይሻል ነበር የሚል ቢኖር አንቀየምም። ይሁን እንጂ ልጆቻችሁ ማታ ማታ ደብተር ዘርግተው፣ ቁጥር እየደመሩ፣ አንዴ የሚሳሳቁበት አንዴም የሚከራከሩበት ነገር ምን እንደ ሆነ ብታውቁ ይጠቅማል ብለን ስላሰብን፣ ፋንታሲ ስለሚባለው ጨዋታ ጥቂት እንናገራለን።

የጨዋታው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ተወዳዳሪው 100 ሚሊዮን ፓውንድ የሐሳብ ገንዘብ ይሰጠዋል። በዚህ ገንዘብ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከሚጫወቱት 20 ቡድኖች 15 ሰዎች ይገዛል፤ እነርሱም 2 በረኞች፣ 5 ተከላካዮች፣ 5 አማካዮችና 3 አጥቂዎች ናቸው። ከአንድ ቡድን ከሦስት ሰው በላይ መግዛት ክልክል ነው። ከዚያ በኋላ እነዚህ ሰዎች በእውነተኛው ሜዳ የሠሩት ሥራ ሁሉ በነጥብ ይለወጣል። 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ ለተጫወተ 2 ነጥብ፣ ጎል ላገባ አጥቂ 4፣ ለአማካይ 5፣ ለተከላካይ 6፣ ለጎል ላቀበለ 3 ነጥብ ይሰጣል። ቢጫ ካርድ 1፣ ቀይ ካርድ 3 ነጥብ ያስቀንሳል። አምበል ተብሎ የተመረጠው ሰው ነጥቡ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጨዋታው የዕድል ብቻ ሳይሆን የማሰብና የማመዛዘንም ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የተወለደው በአሜሪካ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ቢል ዊንከንባክ የተባለ የኦክላንድ ነጋዴ ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ ለአሜሪካ እግር ኳስ እንዲህ ያለ ሕግ አወጣ። በ1980 ደግሞ ዳንኤል ኦክረንት የተባለ ጸሐፊ በኒው ዮርክ ከጓደኞቹ ጋር ለቤዝቦል የሚሆነውን መሠረተ። የእንግሊዙ ፕሪሚየር ሊግ የራሱን ፋንታሲ የጀመረው በ2002 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መነሻቸው የጓደኛሞች ጨዋታ ነበረ።

የእኛም እንዲሁ ነው። አንዱ ጓደኛችን ቤተ ሰቡ ወደ ሞጣ በመዛወሩ ከቢቸና በተለየን ጊዜ፣ ወዳጅነታችን እንዳይቀዘቅዝ ብለን በቢቸና ስድስት፣ በሞጣ አራት ሆነን ሊግ አቋቋምን። አንዱ ቡድኑን በጮቄ ተራራ ስም ሰየመ፤ ሌላው ዐባይ አለው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ችግሩም ለብዙ ወራት ቆየ። ደግነቱ የተጫዋቾቹን ዋጋ አስቀድመን በደብተር ገልብጠን ነበርና ውድድሩን በወረቀት ቀጠልን። አንድ ደብተር በቢቸና፣ አንድ ደብተር በሞጣ ተቀመጠ። ወሬውን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እየለቀምን፣ ስልክ ሲሠራ በስልክ፣ ሳይሠራ ደግሞ መንገድ ሲከፈት በደብረ ወርቅ በኩል በሚያልፍ መንገደኛ እጅ ነጥባችንን እንላላክ ነበር።

በዚያ ዓመት አብዛኞቻችን 14 ሚሊዮን ከፍለን ሃላንድን ገዛን። አንድ የሞጣ ልጅ ግን በማንቸስተር ሲቲ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የነበረውን ኮል ፓልመርን በ5 ሚሊዮን ወሰደ። «ወንበር ለማሞቅ ገዛኸው ወይ?» እያልን ሳቅንበት። ፓልመር ወደ ቼልሲ ተዛውሮ 22 ጎል አገባና በ244 ነጥብ የዓመቱ የፋንታሲ አንደኛ ሆነ። በሊጋችን ሕግ የወሩ ተሸናፊ ለአሸናፊው ሁለት መስመር ግጥም መግጠም ግዴታው ነው፤ ስለዚህ አንዱ የቢቸና ልጅ አንገቱን ደፍቶ እንዲህ ሲል ላከ፤

በውድ ገዛሁት ብለህ ስትመካ፣
ርካሹን ገበያው አነገሠው ለካ።

ኢንተርኔቱ በሌለበት ጊዜ የአገራችንን ታሪክም በዚሁ ሕግ መመዘን ጀመርን። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳለች። ጎሎቹን ያገቡት ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ሉቻኖን አማካይ፣ ሦስቱን አጥቂ ብለን ብንቆጥር፣ ለሉቻኖ 7፣ ለሌሎቹ ለእያንዳንዳቸው 6 ነጥብ ይደርሳል። የቢቸና ልጆች በእውነትም አምበል የነበረውን ሉቻኖን አምበል አድርገው 32 አገኙ፤ የሞጣ ልጆች መንግሥቱን አምበል አድርገው 31 አገኙ። ለዚህች ለአንዲት ነጥብ ስንት ቀን እንደ ተሟገትን ብንነግራችሁ ትስቃላችሁ። ነገር ግን በዚህ ክርክር ምክንያት አያቶቻችንን ስለዚያ ዘመን ጠየቅን፤ በሬዲዮ የሰሙትንም አጫወቱን።

ፉክክሩ ሁልጊዜ ሳቅ ብቻ ነበር ለማለት አንችልም። አንድ ጊዜ ሁለት ጓደኞቻችን ጎሉን ያቀበለው ማን ነው በሚል ተጣልተው ሦስት ሳምንት ሳይነጋገሩ ቆዩ። ጉዳዩን የፈታነው እንደ አባቶቻችን ልማድ ነው፤ ተጫዋቹን ያልገዛ ሦስተኛ ሰው በዳኝነት ተቀምጦ ሁለቱንም ሰማ፣ ፈረደ፤ እነርሱም ቆሎ አብረው ቆርጥመው ታረቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ሕግ ሆኖ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ተጻፈ።

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። በውድድሩ መጨረሻ ሳምንት የሞጣው ደብተር ጠባቂ በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር። ቢቸና ያለነው ውጤቱን በሬዲዮ ሰምተን፣ ደምረን፣ አሸናፊነቱን አምነን ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ከእርሱ ወረቀት መጣ። «ተከላካዬ ቢጫ ካርድ አይቷል፤ እናንተ ሳትሰሙ አትቀሩም ይሆናል፤ አንድ ነጥብ ቀንሱብኝ» ይላል። እኛ አልሰማንም ነበር፤ እርሱ ዝም ቢልም የሚያውቅበት አልነበረም። ነጥቡ ተቀነሰ፤ ከቢቸናው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ሆነ። የዓመቱ አሸናፊ አንድ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ሆኑ።

ወላጆቻችን ሆይ፣ በኳስ ስም ገንዘብ የሚያስይዘው ውርርድ በየከተማው ስንት ወጣት እንዳከሰረ ታውቃላችሁ። በእኛ ሊግ አንድ ሳንቲም አይገባም፤ የሚገባው ስም ነው። ገንዘብ ቢገባበት ኖሮ ያ ወረቀት ይላክ ነበር ወይ ብለን እንጠይቃለን። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉት ጉባኤዎች ተማሪዎች በቅኔ ሲፎካከሩና ሲተራረቡ ኖረዋል፤ በገና ጨዋታም ጌታ በሎሌው ፉከራ አይቆጣም። ፉክክር ያለ ቂም፣ ድል ያለ ማታለል የቆየ ልማዳችን ነው።

ታናናሾቻችን ሆይ፣ እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን። ደብተሩን ግን ለእናንተ እንተዋለን። ስትጫወቱ ትምህርታችሁን አስቀድሙ፤ ስትተራረቡ ሰው አታዋርዱ፤ ማንም በማያያችሁ ጊዜ በትክክል ደምሩ።