ስብራቱ ወዴት ሮጠ?



ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ፣ ከተማሪዎች ዘወትር የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ማዕከሉ ከእኛ ምን ያህል ይርቃል?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ዛሬ ላስረዳ የምሻው ለምን ጎዶሎ እንደ ሆነ ነው።

በዜና የምንሰማው ማዕከል፣ ማለትም ኤፒሴንተር፣ መሰንጠቁ ከጀመረበት ጥልቅ ስፍራ በላይ ያለ የመሬት ገጽ ነጥብ ነው። ሆኖም አቡጀዲ ከጠርዙ ሲቀደድ ቀዳዳው እየሮጠ እንደሚሄድ፣ ዓለቱም ከመነሻው ጀምሮ በስብራቱ ላይ እየተሰነጠቀ ይሮጣል። መጠኑ 7 በሆነ ርዕደ መሬት የሚሰነጠቀው ርዝመት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። ፍጥነቱም አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎን ለጎን ከሚያናውጠው የኤስ ሞገድ ፍጥነት ብዙ አያንስም።

አንድ መንገደኛ ከቴፒ ወደ ሚዛን በእግሩ ይጓዛል እንበል። በየሰዓቱም ከእርሱ ጥቂት ብቻ የሚፈጥኑ ሁለት መልእክተኞችን፣ አንዱን ወደ ሚዛን፣ ሌላውን ወደ ቴፒ ይላክ። ወደ ሚዛን የተላኩት ሁሉ ተቀራርበው ይደርሳሉ፤ ወደ ቴፒ የተላኩት ግን ተራርቀው ይደርሳሉ። ሞገዱም እንዲሁ ነው። ስብራቱ በሚሮጥበት አቅጣጫ ያለ ከተማ አብዛኛውን ጉልበት በአጭር ጊዜ፣ እንደ አንድ ብርቱ ግፊት ይቀበላል። በስተ ኋላ ያለው ረዘም ላለ ጊዜ፣ ነገር ግን ለዘብ ብሎ ይናወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1992 በካሊፎርኒያ ላንደርስ በደረሰው፣ መጠኑ 7.3 በሆነው ርዕደ መሬት ይህ በመሣሪያ ተመዝግቧል። ስብራቱ ወደ ሰሜን ሮጠ። ከኤፒሴንተሩ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ግን በስብራቱ አጠገብ የነበረው የሉሰርን ጣቢያ ብርቱውን ግፊት መዘገበ። በስተ ደቡብ፣ ለኤፒሴንተሩ ይበልጥ ቅርብ የነበረው የጆሹዋ ትሪ ጣቢያ ግን ረጅምና ለዘብተኛ ንቅናቄ አሳየ።

በአገራችን ስምጥ ሸለቆ አብዛኛው ስብራት አንዱ ወገን ወደ ታች የሚንሸራተትበት ነው። የስብራቱ ገጽ ወደ ሸለቆው ስለሚያዘነብል፣ በሚወርደው ወገን ላይ ያለ መንደር ከመስመሩ ራቅ ቢልም የስብራቱ ገጽ ከሥሩ ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው ርዕደ መሬት ማጀቴ ፈረሰች፤ ዋናው አውራ ጎዳናም ተሰነጣጠቀ። በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ደግሞ በአፋር የሰርዶ ከተማ ወደመች። ስብራት ሲንሸራተት የተፈናቀለው መሬት ወደ ቦታው አይመለስም፤ በላዩ ያለፈ የውኃ ቧንቧና መንገድ ይቆረጣል።

እኛ ያለንበት የቡና ምድር ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምዕራብ ስለሚገኝ፣ እንዲህ ያለው ግፊት የሚዛን ዋነኛ ስጋት አይደለም። ወደ እኛ የሚደርሰው ከሩቅ የተነሣ ሞገድ ነው። ለምሳሌ በ1982 ዓ.ም. ግንቦት በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን የደረሰው፣ መጠኑ ከ7 ያለፈው ርዕደ መሬት ከዚህ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነበር። ፈጣኑ ንዝረት በመንገድ ይከስማል፤ ዝግ ያለው ግን ሩቅ ይጓዛል፣ ለስላሳ አፈርም ያጎላዋል። ዝናብ ባራሰው ተዳፋት ላይ ለምንሠራ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ተማሪዎች ሆይ፣ ሁላችሁም ግን እዚህ አትቀሩም። አዋሽ፣ ሀዋሳ፣ አርባ ምንጭ ተመድባችሁ ትሠራላችሁ። በስብራት አጠገብ አንዱ ግፊት ብቻ ሕንፃን ከልክ በላይ ሊያጎብጥ ይችላል፤ ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ክፍት የተተወ ፎቅ ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ስብራቱ የት እንደሚያልፍ፣ ሲሰነጠቅ ወዴት ሊሮጥ እንደሚችል፣ ከመሠረቱ በታችም ምን ዓይነት አፈር እንዳለ ጠይቁ። የኤፒሴንተሩ ርቀት የሚታወቀው መሬቱ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ግን አስቀድመው ሊጠኑ ይችላሉ።